«ክንድሽን ቀጥ አድርጊ» ማለት ያቆምኩበት ክረምት

ለገና የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ መጥቶ ነበር። አስራ ሁለት ዓመት የሆነውን ልጁንም ይዞት መጣ። ልጁ ቤዝቦል ይጫወታል፣ ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ይልቅ ብዙ ቦታ የያዘው ዱላው ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዱላውን ሲያዩ የገና ጨዋታ ትዝ አላቸውና «ጥንጓስ የታለች?» አሉት። የገና ዱላ ጫፉ ቆልመም ያለ ነው። የሱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ጫፉ እየወፈረ ይሄዳል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የዱላው እጀታ መጨረሻ ላይ የለስላሳ ቆርኪ የምታክል ነገር ተገጥማለች። ልጁ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ዱላውን ባዶ አየር ላይ አዞረው። ወዲያው ስልኩ ላይ ቁጥር መጣ፤ ዱላው ምን ያህል እንደፈጠነ፣ በስንት ዲግሪ ወደ ላይ እንደሄደ፣ ከተነሳበት እስከሚመታበት ስንት ሰከንድ እንደፈጀ። «ይሄን ማን ነው የሚያይልህ?» አልኩት። «የመምታት አሰልጣኜ» አለኝ። የቡድኑን አሰልጣኝ ማለቱ መስሎኝ ነበር። ለካ መምታት ብቻ የሚያስተምር ሰው አለ።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። እዚህ ጅማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሴቶች ቮሊቦል ቡድን ሳሰለጥን አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ሰርቭ የማስተምረው እኔ፣ መከላከል የማስተምረው እኔ፣ መረቡ ሲቀደድ የምሰፋውም እኔ ነኝ። ለአንድ እንቅስቃሴ ብቻ አንድ ሰው፣ ያውም ሙሉ ሥራው ያ የሆነ ሰው መኖሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ክረምቱ ገባ። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሜዳችን ለሦስት ወር ጭቃ ነው። ማታ ማታ ተቀምጬ ስለነዚህ ሰዎች ማንበብና ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ ለልጆቼ የምናገረውን ቃል አስቀይሮኛል።

መጀመሪያ ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንይ። በቤዝቦል ወርዋሪው የሚቆምበት ቦታ ከመቺው 18.44 ሜትር ይርቃል። ወርዋሪው ግን ወደ ፊት ተራምዶ ስለሚለቃት ኳሷ የምትጓዘው ከዚያ ያነሰ ነው። በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር የተወረወረች ኳስ መቺው ጋ የምትደርሰው በ0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። ዱላውን ማዞር ብቻውን 0.15 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በቀረችው ሩብ ሰከንድ ውስጥ ሰውየው ቀጥ ያለች ናት ወይስ የምትታጠፍ፣ ልምታት ወይስ ልለፋት ብሎ መወሰን አለበት። ዱላና ኳስ የሚነካኩት ደግሞ ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ምክንያት ከአስር ሦስቴ የተሳካለት መቺ ጎበዝ ይባላል። በፈረንጆች 2024 የሜጀር ሊጉ፣ ማለትም የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ የመቺዎች አማካይ 0.243 ነበር። ከአራት አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በዓመት 162 ጨዋታ እየተጫወተ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሳካለት ወደ ወንበሩ የሚመለስ ሰው አስቡ። አጠገቡ ተቀምጦ «ነገ ደግሞ እንዲህ አድርግ» የሚለው ሰው ነው የመምታት አሰልጣኙ።

ድሮ አንድ ቡድን አንድ እንዲህ ዓይነት አሰልጣኝ ነበረው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞ ተጫዋች ነው። አሁን ሁለትና ሦስት ሆነዋል። የድሮዎቹ ለአስርት ዓመታት ለልጅም ለአዋቂም የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ከላይ ወደ ታች ምታ፣ ኳሷን መሬት ለመሬት ስደዳት።» ሐሳቡ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። አየር ላይ የወጣች ኳስ በቀላሉ ትቀለባለች፣ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ደግሞ መቺው ይወጣል። መሬት ለመሬት የሄደችውን ግን ተከላካዩ ማንሳት አለበት፣ ከዚያ መወርወር አለበት፣ መሃል ላይ ሊሳሳት ይችላል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ሲባል ቴድ ዊሊያምስ የሚባል ሰው ተቃራኒውን ተናግሮ ነበር። በ1941 በ0.406 የጨረሰው ቴድ ዊሊያምስ ነው። ከሱ በኋላ በሜጀር ሊጉ ሁለት ክፍሎች፣ በአሜሪካን ሊግም ሆነ በናሽናል ሊግ፣ ሙሉ የውድድር ዓመት በ0.400 የጨረሰ ሰው የለም። የሱ ነገር ቀላል ነው። ወርዋሪው የሚቆመው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ነው፣ በዚያ ላይ ኳሷን መሬት ትስባታለች፣ ስለዚህ ኳሷ መቺው ጋ የምትደርሰው ወደ ታች እየወረደች ነው። ዱላው ከኳሷ መንገድ ጋር እንዲገጥም ትንሽ ወደ ላይ መውጣት አለበት። እኛ ሰፈር አቮካዶ ሲወርድ አይታችኋል? አንዱ ዛፍ ላይ ሆኖ ሲወረውር ታች ያለው ዘንቢሉን ፍሬው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሮ ይቀበላል። ዘንቢሉን ከላይ ወደ ታች ሊደፋበት የሚሞክር ሰው አላየሁም።

እንግዲህ ይሄን ያህል ግልጽ ነገር፣ ያውም የዘመኑ ትልቁ መቺ የተናገረው፣ ለምን ሳይሰማ ቀረ? ክረምቱን በሙሉ ያሰብኩት ይሄንን ነው። ብዙ ታላላቅ መቺዎች ሲጠየቁ «ወደ ታች ነው የምመታው» ይላሉ። የዚያው ሰውዬ ቪዲዮ ቀስ ተደርጎ ሲታይ ግን ዱላው ኳሷን ሲነካ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሰዎቹ አልዋሹም። እጃቸው ከትከሻ አጠገብ ተነስቶ ወደ ኳሷ ይወርዳልና የሚሰማቸው መውረዱ ነው። የመጨረሻዋን፣ ዱላው ታች ደርሶ የሚታጠፍባትን ቅጽበት ሰውነት አይቆጥራትም፣ በጣም ፈጣን ናት። የተሰማቸውን ነገር የተደረገ ነገር ብለው አስተማሩ። የተማረውም ለሚቀጥለው አስተማረ። አሰልጣኝ ለአሰልጣኝ እየተቀባበለ አርባ ዓመት የሄደ ቃል፣ መነሻው የአንድ ጎበዝ ሰው ስሜት።

ይሄን ሰንሰለት የበጠሱት ሰዎች ከየት እንደመጡ ሳይ ነው የበለጠ የገረመኝ። ብዙዎቹ ከውጭ ናቸው። ዳግ ላታ የሚባለው ካሊፎርኒያ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ሥራ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። በ2013 መጨረሻ ላይ ጀስቲን ተርነር የሚባል የ29 ዓመት ተጫዋች ኒው ዮርክ ሜትስ አልፈልግህም ብሎት ነበር። ማርሎን ባይርድ የሚባል የቡድን ጓደኛው ከላታ ጋር አገናኘው። የአሜሪካንን ክረምት፣ ውድድር የሌለበትን ወቅት፣ አብረው ሠሩ። ተርነር በ2014 ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ገብቶ በ109 ጨዋታ 0.340 መታ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከቡድኑ ምሰሶዎች አንዱ ሆነ፣ በ2020 ደግሞ ዋንጫ በላ።

ጄ ዲ ማርቲኔዝን ደግሞ ሂውስተን በመጋቢት 2014 አሰናበተው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ጉዳት ላይ ሆኖ የሌሎችን ጥሩ መቺዎች ቪዲዮ ከራሱ ጋር እያስተያየ ሲመለከት፣ የሱ አመታት ከነሱ ጋር እንደማይመሳሰል ገብቶት ነበር። ጄሰን ካስትሮ የሚባል ጓደኛው ይሠራባቸው ወደነበሩት ክሬግ ዎለንብሮክና ሮበርት ቫን ስኮዮክ ሄደ። እንደ አዲስ ተማረ። ሂውስተን ግን ለውጡን በደንብ ሳያይ ለቀቀው። በዚያው ዓመት ዲትሮይት ገብቶ 0.315 መታ፣ 23 ሆም ረን ጨመረበት። ሆም ረን ማለት ኳሷ ከአጥር ውጭ ስትወጣ ነው። በ2017 አርባ አምስት ደረሰ። ቫን ስኮዮክ ራሱ በኋላ የዶጀርስ የመምታት አሰልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ።

ሦስተኛው ታሪክ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሪቻርድ ሼንክ ሚዙሪ ውስጥ ፑል ቤት ነበረው። አዎ፣ ፑል ቤት፤ እዚህ ጅማ መርካቶ ዙሪያ እንደምናያቸው ዓይነት። በትልቅ ሊግ ተጫውቶ አያውቅም። የታዋቂውን መቺ የባሪ ቦንድስን አመታት በቪዲዮ ፍሬም በፍሬም እያቆመ ለዓመታት አጠና። አሮን ጃጅ በ2016 ለኒው ዮርክ ያንኪስ የመጀመሪያ ጨዋታዎቹን ሲያደርግ 0.179 ነበር የመታው፣ ከ84 ሙከራ በ42ቱ ሦስት ዕድሉን አባክኖ፣ ኳሷን ሜዳ ውስጥ ሳይሰድ ተመልሷል፤ ስትራይክ አውት ይሉታል። በዚያ ክረምት ከሼንክ ጋር ሠራ። በሚቀጥለው ዓመት 52 ሆም ረን መታ፣ ለአዲስ ተጫዋች በወቅቱ ክብረ ወሰን ነበር። በ2022 ደግሞ 62 መትቶ ከ1961 ጀምሮ የቆየውን የአሜሪካን ሊግ ክብረ ወሰን ሰበረ።

ይሄን ሳነብ ማታ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። አንድ ጥያቄ መጣብኝና አላስተኛኝም። እኔስ ልጆቼን የማስተምረው ያየሁትን ነው ወይስ የተነገረኝን?

ወደዚያ እመለሳለሁ። ቁጥሮቹን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ2015 በሠላሳዎቹም የሜጀር ሊግ ሜዳዎች ስታትካስት የሚባል መለኪያ ተተከለ። እያንዳንዷ የተመታች ኳስ በምን ፍጥነትና በስንት ዲግሪ እንደተነሳች ይመዘገባል። ያኔ ክርክሩ አበቃ ማለት ይቻላል። በጣም ጠንክራ ተመትታ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የተነሳች ኳስ አጥር የመውጣት ዕድሏ ከሁሉም ይበልጣል። በዚያው ፍጥነት መሬት ለመሬት የሄደችው አብዛኛውን ጊዜ ተከላካይ እጅ ትገባለች። ሁሉም ወደ ላይ መምታት ጀመረ። በ2019 በአንድ ዓመት 6,776 ሆም ረን ተመታ፣ እስካሁን ከፍተኛው ነው። የዚያን ዓመት ኳሷ ራሷም አየር ላይ በቀላሉ ትሄድ ስለነበር ሙሉ ምስጋናው ለአሰልጣኞቹ አይደርስም።

ዋጋም አስከፍሏል። በ2018 በሜጀር ሊጉ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትራይክ አውቶቹ ከተሳኩት ምቶች በለጡ፤ 41,207 ለ41,018። ወርዋሪዎቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም፣ እነሱም በካሜራና በመለኪያ ሠልጥነው በጣም ፈጥነዋል። ግን አንድ ነገር ከዚህ ገባኝ። «ወደ ላይ ምታ» የሚለው ቃልም እንደ «ወደ ታች ምታ» ሊያጠፋ ይችላል። ልጁ ቃሉን ብቻ ከያዘ ትከሻውን ጥሎ ሰማይ ሰማይ ይመታል። እዚህ ጅማ ሜዳ ዳር የቆመ ተመልካች «ኦል! ኦል!»፣ በኦሮምኛ «ወደ ላይ! ወደ ላይ!»፣ እያለ ሲጮህ የኔ ልጆች ኳሷን ሳያዩ እንደሚዘሉት ማለት ነው።

ስለዚህ የጥሩው አሰልጣኝ ሥራ የሚጀምረው ቁጥሩ ካለቀበት ነው። ይሄን የማሳያችሁ በዲለን ላውሰን ነው። ፕሮፌሽናል ሆኖ ተጫውቶ አያውቅም። በመረጃ አዋቂነቱ ያንኪስ የመምታት አሰልጣኝ አድርገው ሾሙት። ጃጅ 62 የመታበት ዓመት የሱ የመጀመሪያ ዓመት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ መምታት ሲያቅተው በሐምሌ 2023፣ ውድድሩ መሃል ላይ፣ አሰናበቱትና ሾን ኬሲ የሚባል የቀድሞ ኮከብ ተጫዋች አመጡ። ላውሰን አያውቅም ማለት አይደለም፣ በደንብ ያውቃል። ነገር ግን ቡድን ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚነካው ይሄ ወንበር ነው። በዚያ ላይ ተጫዋቹ ክረምት ላይ የግል አሰልጣኝ አለው፣ በጋ ላይ የቡድኑ ሰው አለው። ሁለቱ ሁለት ቃል ከነገሩት 0.4 ሰከንድ ውስጥ የቱን ይስማ?

ስለዚህ ነው አሁን ያሉት ጎበዞች ቃል የሚቀንሱት። ጋብሪኤሌ ቩልፍ የምትባል ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናችው ነገር አለ። ሰው ስለ ክንዱ ወይም ስለ ጉልበቱ እያሰበ ሲንቀሳቀስ እንቅስቃሴው ይደናቀፋል። ሐሳቡን ከሰውነቱ ውጭ ያለ ነገር ላይ ሲያደርግ፣ ዒላማ ላይ፣ ኳሷ የምትሄድበት ቦታ ላይ፣ ሰውነቱ መንገዱን ራሱ ያገኛል። የመምታት አሰልጣኞች ይሄን ወስደውታል። «ዳሌህን አዙር» ከማለት ይልቅ ዳሌውን ካላዞረ የማይመታት ኳስ ያመጡለታል። አንዱ ዱላውን ከባድ ያደርግበታል፣ ሌላው ኳሷን ያሳንሳል። ትራጄክት የሚባል ካናዳ የተሠራ ማሽን ደግሞ አለ፣ የነገውን ተጋጣሚ ወርዋሪ ቪዲዮ እያሳየ የሱኑ ኳስ በሱኑ ፍጥነትና በሱኑ ሽክርክሪት ይወረውራል። መቺው ሰውየውን ሳያገኘው ሃምሳ ጊዜ አገኘው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ማሽን እኛ ጋ ሊመጣ አይችልም። ሐሳቡ ግን ይመጣል፤ ንግግሩን ቀንሰህ ሁኔታውን አዘጋጅ የሚለው።

አሁን ወደ ሜዳችን ልመለስ።

በቡድኔ ውስጥ ከጅሬን በእግሯ የምትመጣ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ አለች። ዝላይዋ ከሁሉም ይበልጣል። ስፓይክ ስታደርግ፣ ማለትም ዘልላ ኳሷን በኃይል ወደ ታች ስትመታ፣ ግን ኳሷ መረብ ላይ ትቀራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የምላት አንድ ነገር ነበር፤ «ክንድሽን ቀጥ አድርጊ! ክንድሽን አጠንክሪ!» እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። አሰልጣኜ ጎበዝ መቺ ነበሩ፣ እስካሁን አከብራቸዋለሁ። ለኛም ይሉ የነበረው ይሄንኑ ነው።

መስከረም ላይ ሜዳው ትንሽ እንደ ደረቀ የፊዚክስ መምህራችንን ስልክ ተዋስኩ። በሰከንድ 240 ፍሬም ያነሳል። ከጎን ቆሜ አስር ጊዜ ቀረጽኳት። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ እያቆምኩ አየሁት።

ልጅቷ መሬት ከመልቀቋ በፊት ክንዷ ቀጥ ብሏል። ደረቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ መረቡ ነው። ዳሌዋ አይዞርም፣ ትከሻዋ አይዞርም፣ ክርኗ ወደ ኋላ አይሄድም። ያንን የመሰለ ዝላይ ዘልላ ኳሷን የምትመታው በክንዷ ክብደት ብቻ ነው። ከዚያ የአንዲት ጎበዝ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ቪዲዮ አገኘሁና አጠገቡ አድርጌ አየሁ። እሷ አየር ላይ ስትወጣ ደረቷ ወደ ጎን ነው። ግራ እጇ ወደ ኳሷ ይጠቁማል፣ ቀኝ ክርኗ ወደ ኋላ ከፍ ብሎ ታጥፏል። ከዚያ ዳሌ ይቀድማል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ክርን፣ መጨረሻ ላይ መዳፍ። አለንጋ እንደማጮህ ነው፤ እጀታው ይጀምራል፣ ጫፉ ይጮሃል። ክንዷ ቀጥ የሚለው ኳሷን በምትነካበት በዚያች አንድ ፍሬም ላይ ብቻ ነው።

ፎቶው ላይ ቆምኩ። «ክንድሽን ቀጥ አድርጊ» የሚለው ቃል ለአንዲት ፍሬም እውነት ነው። አሰልጣኜ የተሰማቸው ያቺን ፍሬም ነው። እኔ ግን ልጆቹን ከመነሻው ጀምረው እንዲገትሩ አደረግኳቸው። አስራ አንድ ዓመት። በእጄ ያለፉትን ልጆች ቁጠሩ። ትከሻዬን ያመኛል ብለው ያቆሙ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። የነሱ ፊት መጣብኝ። ምክንያቱ ይሄ ይሁን ሌላ ማረጋገጥ አልችልም፣ ግን መጣብኝ።

በማግስቱ ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ልጅቷን አስቀምጬ ያየሁትን በሙሉ ነገርኳት። ዳሌ፣ ትከሻ፣ ክርን፣ ግራ እጅ፣ ቅደም ተከተሉን ሁሉ። ቪዲዮውንም አሳየኋት። በጥሞና ሰማችኝ፣ ጨዋ ልጅ ናት። ከዚያ ተነስታ ስትሞክር መዝለሉም ጠፋባት። ኳሷ እላይዋ ላይ ስትደርስ እሷ ገና ስለ ዳሌዋ እያሰበች ነው። አይኗ እንባ አቀረረ። ስለ ቁጥር የሚያወሩ አሰልጣኞች ተጫዋቹን ሲያጨናንቁት አንብቤ አልነበር? ያንኑ ሠራሁ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ዘንቢልና የቴኒስ ኳሶች ይዤ መጣሁ። ሜዳችን ዳር ግራቪላ ዛፎች አሉ። ዘንቢሉን ከአንዱ ቅርንጫፍ ላይ በልጅቷ ጆሮ ከፍታ አንጠለጠልኩት፣ እሷን ከፊቱ አቆምኳት፣ ሌሎቹ ልጆች ከፊት ለፊት ገመድ ወጥረው ያዙ። «እግርሽን ሳታነሺ ከኋላሽ ካለው ዘንቢል ኳስ አንሺና ከገመዱ በላይ አድርገሽ መሬት ላይ አጩሂያት» አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም። ኳስ ለማንሳት መዞር አለባት። ስትዞር ደረቷ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ክርኗ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ስትወረውር ደግሞ ዳሌዋ ሳታስበው ይቀድማል። መጀመሪያ ኳሷ መሬት ስትመታ ለስ ያለ ድምፅ ነበራት። ሃያኛዋ ላይ ጯ! አለች። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩ። እሷም እጇን አየችው።

ሁለት ሳምንት በቀን አርባ ኳስ። በሦስተኛው ሳምንት ዘንቢሉን አወረድኩት፣ ወደ መረቡ ሄድን። ከመጀመሪያዎቹ አስር ስፓይኮች ሰባቱ አለፉ። እንደገና ቀረጽኳት። ደረቷ ወደ ጎን ነው። «ምን ቀየርሽ?» ስላት «ምንም፣ ቲቸር። ጠንክሬ ነው የመታሁት» አለችኝ። ይሄን መልሷን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። ነገ አድጋ አሰልጣኝ ብትሆን ለልጆቿ «ጠንክራችሁ ምቱ» ነው የምትላቸው፤ የተሰማት እሱ ነዋ።

ለልጆቹ ሬቸል ባልኮቬክ ስለምትባል የቤዝቦል አሰልጣኝም ነግሬያቸዋለሁ። ሥራ ስትፈልግ ሴት መሆኗ ከስሟ ሲታወቅ አይጠሯትም ነበር፣ ስለዚህ ማመልከቻዋ ላይ ሬ ብላ አሳጠረችው። ያኔ ስልክ መደወል ጀመረ። በኋላ ኔዘርላንድስ ሄዳ የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ተማረች፣ መቺዎች ኳስ ሲመጣ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ አጠናች። በ2019 መጨረሻ ያንኪስ የታችኛው ሊግ ቡድናቸው የመምታት አሰልጣኝ አድርገው ቀጠሯት። በሙሉ ጊዜ ይሄን ሥራ በትልቅ ክለብ ሥር ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2022 ደግሞ ታምፓ ላይ ሙሉ ቡድን መራች። ልጆቼ ይሄን ሲሰሙ የጠየቁኝ ስለ ቤዝቦል አልነበረም። «ዓይን የት ያርፋል?» ነበር ጥያቄያቸው። እውነትም እኛ ስፓይክ ስናደርግ ዓይናችን የት ነው? አሁን እሱን እየቀረጽኩ ነው።

አንድ ነገር ግን እየከበደኝ ቆይቶ ነበር። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ አሁን አጋሮ ነው የሚኖረው፣ ከዚህ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሥራው በኋላ የሰፈር ልጆችን በነፃ ቮሊቦል ያሰለጥናል። ባለፈው ሐሙስ ደወልኩለት። ሰላምታው ካለቀ በኋላ «ልጆቹን ስፓይክ ስታስተምር ምን ትላቸዋለህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ክንዳችሁን ቀጥ አድርጉ እላቸዋለሁ። እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩኝ፣ ቲቸር» አለኝ። በኩራት ነው ያለው።

ስለ ቪዲዮው ነገርኩት። አልተከራከረኝም። ማታውኑ በቴሌግራም ሦስት ቅጂ ላከልኝ። የመጀመሪያው ላይ አስር ዓመት የማይሞላው ልጅ በባዶ እግሩ ይሮጣል። ገና ሳይዘል ቀኝ ክንዱ ከጆሮው አጠገብ ተገትሯል፣ ደረቱ ወደ መረቡ ነው። ከራሴ ሜዳ የተቀረጸ ነው የመሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ አጋሮ እሄዳለሁ። እነሱ ጋ ዛፉ ከሜዳው ይርቃል አለኝ፣ ስለዚህ እንጨት ተክሎ ይጠብቀኛል። ዘንቢሉንና ኳሶቹን እኔ ይዤ እሄዳለሁ።